ዲጄው ያጣው ዘፈን

ሠርግ ደግሳችሁ የምታውቁ እናቶችና እኅቶች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፡፡ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ እንግዳው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ «ይኸ ጎደለ» ተብሎ የምትገቡበት የጠፋባችሁ ጊዜ አለ? እኔ ገጥሞኛል፡፡ የጎደለው ሥጋ አልነበረም፤ መጠጥም አልነበረም፡፡ የጎደለው አንድ ዘፈን ነበር፡፡ ያጎደልሁትም እኔው ራሴ ነኝ፡፡

ባለፈው ጥር ታናሽ እኅቴን ዳርን፡፡ ለመልሱ ዕለት የቀጠርነው ዲጄ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማይበልጥ ጨዋ ልጅ ነው፡፡ ከታክሲ ያወረደው ዕቃ አንድ ላፕቶፕ፣ ከሻይ ማቅረቢያ ትሪ የማይበልጥ መቆጣጠሪያና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው፡፡ እናቴ ዕቃውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «የዘፈኖቹ ሳጥን የታለ?» ስትል ጠየቀችው፡፡ ልጁ ሳቅ ብሎ ላፕቶፑን በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣ «እዚህ ውስጥ ነው እማማ፤ ከሃያ ሺሕ በላይ ዘፈን አለ» አላት፡፡ እናቴ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች፡፡

አመሻሹ ላይ ጨዋታው ሲደራ፣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ልጁ ሄደች፡፡

«ልጄ፣ አንድ ዘፈን ፈልገህ ታጫውትልኛለህ?»

«ምን ችግር አለ እማማ! ስሙን ብቻ ይንገሩኝ፡፡»

ነገረችው፡፡ የዘፋኟንም ስም ጨመረችለት፡፡ ልጁ በላቲን ፊደል ጻፈው፤ አልመጣም፡፡ አጻጻፉን ለወጠ፤ አልመጣም፡፡ ስልኩን አውጥቶ ከኢንተርኔት ለማውረድ ሞከረ፤ በዚያ ስም የመጣው የሌላ ሰው ሌላ ዘፈን ነው፡፡ በመጨረሻ፣ «ይቅርታ እማማ፣ የለም» አላት፡፡

«እንዴት ይጠፋል? ሸክላው እኮ እኛ ቤት ነበር» አለችና ዘወር ብላ አየችኝ፡፡ አልተቆጣችም፡፡ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፡፡ ዝም ብላ ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች፤ ልጁም ሌላ ዘፈን ከፈተ፤ ጭፈራው ቀጠለ፡፡

ሸክላው የት እንደ ደረሰ የማውቀው እኔ ነኝ፡፡ ከአራት ዓመት በፊት ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር፣ ዕቃ የመቀነሱ ሥራ የወደቀው በእኔ ላይ ነበር፡፡ አልጋ ሥር ከተቀመጡት ነገሮች አንዱ የአባቴ የሸክላና የካሴት ሳጥን ነው፡፡ ሠላሳ የሚሆኑ ትንንሽ ሸክላዎችና ከስልሳ የማያንሱ ካሴቶች ነበሩበት፡፡ የሸክላ ማጫወቻው መርፌ ከተሰበረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቴፑም ካሴት እየበላ አስቸግሮ ተጥሏል፡፡ ታዲያ እኔ ሥልጡን ነኝ ባይ፣ «ዘፈን ሁሉ ስልክ ላይ አለ፤ ይህን አቧራ ምን ይሠራልናል?» ብዬ፣ በዚያ ጠዋት በሰፈሩ ሲጮኽ የመጣውን ቆራሌው ጠርቼ ከባዶ ጠርሙሱና ከተሰበረው ምድጃ ጋር አስረከብሁት፡፡ የከፈለኝ ለአንድ ቀን አስቤዛ እንኳ የሚበቃ አልነበረም፡፡ እናቴ ማታ ስትሰማ፣ «ይሁን እንግዲህ» ብቻ ነው ያለችው፡፡ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፡፡

እናቴና አባቴ የተጋቡት በ1967 ዓ.ም. ነው፡፡ አባቴ ያን ሸክላ የገዛው ለሠርጋቸው ነበር፡፡ ማጫወቻ ስላልነበረው ከመሥሪያ ቤት ጓደኛው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ ማጫወቻ ተውሶ አምጥቷል፡፡ ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ የዘፋኟ ድምፅ እየተጎተተ የወንድ ድምፅ እስኪመስል ይወፍር እንደ ነበር እናቴ ሁልጊዜ እየሳቀች ታወራልን ነበር፡፡ አባቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፡፡ እንግዲህ እናቴ በመጨረሻ ልጇ መልስ ላይ ያን ዘፈን የጠየቀችው ለምን እንደ ሆነ እናንተም ይገባችኋል፡፡

ከሠርጉ በኋላ ነገሩ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለኝ፡፡ ሃያ ሺሕ ዘፈን ባለበት ሳጥን ውስጥ አንዱ እንዴት ይታጣል? ዘፈን መግዛት ቀርቶ ዘፈን ማውረድ ሲመጣ በየቤታችን የተለወጠው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነውና ሰው መጠየቅ ጀመርሁ፡፡

በመጀመሪያ ያገኘኋቸው፣ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. በሠርግና በድግስ ላይ ሙዚቃ ሲያጫውቱ የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው፡፡ ዛሬ ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ፡፡

«ያኔ ዲጄ የሚለኝ አልነበረም፤ ‹ቴፑን የሚይዘው ሰውዬ› ነበር የምባለው» አሉኝ፡፡ «ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፡፡ አንዱ ሲጫወት ሌላውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ የሚቀጥለውን ዘፈን መነሻ አዘጋጃለሁ፡፡ ዘፈኑ ካሴቱ መኻል ላይ ከሆነ የቴፑን ቁጥር በቃል መያዝ ነው፡፡ ድንጋይ ወይም መብራት ላለመጨረስ ካሴቱን በእስክርቢቶ አጠነጥናለሁ፡፡»

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ዘፈኑን ከየት ነበር የሚያገኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው፡፡

«እገዛ ነበራ ልጄ! ያውም ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፡፡ አንዱን ቴፑ ሲበላው ሌላው ይተርፈኛል፡፡ አዲስ ካሴት የሚወጣው ለዘመን መለወጫ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ነው፡፡ ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሁለቱንም ገጽ ሳልሰማ ገንዘቤን አላወጣም፡፡ የገዛሁትንም ቤቴ ወስጄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፡፡ የወሎ ሰው ሠርግ፣ የጎንደር ሰው ሠርግ፣ የጉራጌ ሠርግ፣ የትኛው ዘፈን የትኛውን እናት እንደሚያስነሣ አውቀው ነበር፡፡»

የፒያሳንና የመርካቶን መንገድ በዚያ ዘመን የረገጣችሁ እናቶች ይህን ታስታውሳላችሁ፡፡ በየሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ድምፅ ማጉያ ይንጫረራል፤ ሰው ከሥራ ሲወጣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ አዲሱን ካሴት ያዳምጣል፤ የወደደው ይገዛል፡፡ በግድግዳው ላይ የዘፋኞቹ ፎቶግራፍ ተደርድሯል፡፡ እኔም በልጅነቴ በአባቴ እጅ ተይዤ እንዲህ ባለ ደጃፍ ላይ እንደ ቆምሁ አስታውሳለሁ፡፡

ከካሴት በፊት የነበረው ሸክላ ደግሞ ከዚህም የከበደ ነበር፡፡ አባቴ የገዛው ዐይነት ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛል፡፡ በአገራችን ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠ ነበር፡፡ ይህን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ ድርጅት የጀመረው በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው አምሐ እሸቴ ነው፡፡ የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው ለዓለማየሁ እሸቴ ሲሆን፣ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አውጥቷል፡፡ ሌሎችም ተከትለውታል፡፡ ታዋቂ ከሆኑት ድምፃውያን ጎን፣ እናቴ እንደ ጠየቀቻት ያሉ አንድ ሁለት ሸክላ አሳትመው የቀሩ ሴቶችም ነበሩ፡፡

የፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ሸክላን ተካው፡፡ ካሴት ርካሽ ነው፤ በድንጋይ ይሠራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባዶ ካሴትና ባለ ሁለት አፍ ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ በቤቱ መቅዳት ይችላል፡፡ «ዘፈኑን ሳልገዛው ይኑረኝ» የሚለው ነገር የተጀመረው በኢንተርኔት አይደለም፡፡ የጎረቤት ካሴት ተውሰን የቀዳን ሁሉ እናውቀዋለን፡፡ ልዩነቱ፣ ያኔ አንድ ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በተቀዳ ቁጥርም ድምፁ ይደክም ነበር፡፡ ዛሬ ግን ሃያ ሺሕ ዘፈን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚገለበጠው ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ነው፤ መቶኛው ቅጂም ከመጀመሪያው አይለይም፡፡

ይህ እንዴት ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1982 ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን ለገበያ አቀረቡ፡፡ ሲዲ ድምፅን በየሰኮንዱ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግባል፡፡ አንድ የአራት ደቂቃ ዘፈን በዚህ መንገድ ሲመዘገብ አርባ ሁለት ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ይህን ማስቀመጥም መላክም ከባድ ነበር፡፡ ስለዚህ በጀርመን አገር የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ኤምፒ3 የተባለውን ዘዴ ሠሩ፤ ይህ ስም የተሰጠው በ1995 ነው፡፡ ዘዴው ለማናችንም እንግዳ አይደለም፡፡ ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ወፍጮው ሲጮኽ የእጅ ሰዓታችሁን ድምፅ ትሰማላችሁ? አትሰሙም፡፡ ኤምፒ3ም ትልቁ ድምፅ የሚውጠውን ትንሹን ድምፅ፣ ጆሮ አይሰማውም ብሎ ይጥለዋል፡፡ በዚህ ዐይነት አርባ ሁለቱ ሜጋባይት ወደ አራት ይወርዳል፡፡

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ፡፡ ተመራማሪዎቹ ዘዴው ድምፅን እንዳያበላሽ ደጋግመው የፈተሹት ያለ መሣሪያ በተዘፈነ በአንዲት አሜሪካዊት ድምፃዊት በሱዛን ቬጋ ዘፈን ነው፡፡ ብቻውን የሚሰማ የሴት ድምፅ ትንሿን ጉድለት እንኳ ስለሚያጋልጥ አስቸግሯቸው ነበር፡፡ በዚህ የተነሣ አንዳንዶች እርሷን «የኤምፒ3 እናት» እያሉ ይጠሯታል፡፡

የዲጄ ሥራም ከዚሁ ጋር ተለወጠ፡፡ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጃገረድ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ልብስ መግዣ ገንዘብ እንድታገኝ ድግስ አዘጋጀች፡፡ ሙዚቃውን ያጫወተላት ወንድሟ ኩል ኸርክ ነበር፡፡ ይህ ልጅ የአንድ ዘፈን ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ ከበሮው ብቻ የሚሰማበትን ክፍል እያፈራረቀ ያስረዝመው ነበር፤ የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ ከዚያ ተነሣ ይባላል፡፡ የዘፈኖቹን ስም ሌሎች እንዳያውቁበት የሸክላውን ወረቀት በውኃ እያራሰ ይልጥ ነበር፡፡ ልብ በሉ፤ ዲጄ ማለት ያኔ ሌላው ያላገኘውን ሸክላ ፈልጎ፣ ያውም ሁለት ሁለቱን ገዝቶ፣ በጆሮው የሚያጋጥም ሰው ነበር፡፡ የእኛም አዛውንት ሁለት ሁለት ካሴት ሲገዙ ስለ ብሮንክስ የሰሙት ነገር አልነበረም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ዘፈን የሌለበት ሸክላ መጣ፡፡ በ2004 በኒው ዚላንድ ኩባንያ በሴራቶ የወጣውን ሶፍትዌር የመሰሉት ሁሉ የሚሠሩት በዚህ ዘዴ ነበር፡፡ ሸክላው የተቀረጸበት ለጆሮ የማይጥም የጩኸት ምልክት ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ምልክቱን እየተከተለ በሆዱ ያለውን ኤምፒ3 በዲጄው እጅ ልክ ያጫውታል፡፡ ሳጥን ሙሉ ሸክላ መሸከም ቀረ፡፡ በኋላም ሸክላው ራሱ ቀርቶ በትንሽ መቆጣጠሪያ ተተካ፡፡

ይህንኑ የእኅቴ ሠርግ ዲጄ አሳየኝ፡፡ ስደውልለት በሥራው ስሕተት ላገኝበት መስሎት ደንግጦ ነበር፤ ነገሩን ስነግረው ግን ደስ ብሎት ቤቱ ጋበዘኝ፡፡ በላፕቶፑ ላይ ዘፈኑ እንደ ተራራና ሸለቆ በቀለም ተስሎ ይታያል፡፡ ማሽኑ የዘፈኑን ፍጥነት ቆጥሮ ይጽፋል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሁለት ዘፈኖች በአንድ እርምጃ ይሄዳሉ፡፡ «እንዲህ ከሆነ ያንተ ሥራ ምኑ ላይ ነው?» አልሁት፡፡

ሳቀና አንድ የችክችካ ዘፈን ከፈተልኝ፡፡ «ተመልከቺ እኅቴ፡፡ ማሽኑ የለመደው በአራት የሚቆጠረውን የፈረንጅ ዘፈን ነው፡፡ የእኛ ችክችካ በስድስት ይመታል፤ ስለዚህ አንዳንዴ በግማሽ፣ አንዳንዴ በአንድ ተኩል እየቆጠረ ይስታል፡፡ የድሮዎቹ ደግሞ ከበሮውን የሚመታው ሰው ስለሆነ ሞቅ ሲለው ይፈጥናል፤ ማሽኑ እዚያ ላይ ጨርሶ ይጠፋበታል፡፡ ለአበሻ ሠርግ ቁልፉን አልነካውም፤ በጆሮዬ ነው የማጋጥመው፡፡» ይህን ስሰማ ለአዛውንቱ ደስ አለኝ፡፡

እውነቱን ለመናገር አዲሱ ዘዴ የሰጠን ብዙ ነው፡፡ ይህ ልጅ በእጁ የሚገባ ገንዘብ ሳይኖረው ሥራ የጀመረው በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፡፡ ሳጥን መሸከም ስለ ቀረ ልጃገረዶችም ወደዚህ ሥራ ለመግባት ይቀላቸዋል፡፡ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የሱማልኛ፣ የወላይትኛ ዘፈን በአንድ ምሽት በአንድ ድንኳን ማሰማት እንደ ዛሬ ቀላል ሆኖ አያውቅም፡፡ «የድሮው ሁሉ መልካም፣ የዛሬው ሁሉ ክፉ» ለማለት አልተነሣሁም፡፡

ነገር ግን ልጁን፣ «ከሃያ ሺሑ ስንቱን ገዛኸው?» ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ፡፡ ከጓደኛ ፍላሽ፣ ከቴሌግራም፣ ከዩቲዩብ የተሰበሰበ ነው፡፡ በእርሱ ብቻ መፍረድ አልቻልሁም፤ እኔም በስልኬ ያለውን አልገዛሁትምና፡፡ በካሴት ዘመን አንድ ሺሕ ሰው ዘፈኑን ከወደደው፣ ቀድቶ የሚወስደው ቢኖርም፣ ገዝቶ የሚወስደው ብዙ ነበር፡፡ ዘፋኙ፣ ግጥም ጸሐፊው፣ የከበሮ መቺው ቤት ከዚያ እንጀራ ይገባ ነበር፡፡ ዛሬ ከእነዚያ ሙዚቃ ቤቶች ብዙዎቹ ተዘግተዋል ወይም የስልክ ሽፋንና ቻርጀር መሸጫ ሆነዋል፡፡ በመካከሉ ጥቂት ዓመታት ደግሞ በጥቂት ብር ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየሞሉ የሚሰጡ ሱቆች በየመንደሩ ነበሩ፤ ከዚያ ገንዘብ ለዘፋኙ የሚደርሰው አልነበረም፡፡ አገራችን የቅጂ መብትን የሚያስከብር ዐዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. አውጥታለች፡፡ ሙዚቀኞች ራሳቸው ያቋቋሙት አውታር የተባለው በስልክ ዘፈን መሸጫም በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር፡፡ መንገዱ ተፈልጓል ማለት ነው፤ ልማዱ ግን ቶሎ የሚመጣ አይደለም፡፡

በውጭ አገር ደግሞ ነገሩ ዞሮ ተመልሷል፡፡ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የተሸጠው ሸክላ አርባ አንድ ሚሊዮን ገደማ፣ ሲዲው ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው፡፡ የእኛንም የድሮ ሸክላዎች የውጭ አገር ሰብሳቢዎች በመቶ በሚቆጠር ዶላር የሚገዙበት ጊዜ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በተከታታይ ሲዲዎች ባያወጣቸው ኖሮ፣ ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የሚሰሟቸው ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ዘፈኖች በየቤቱ አልጋ ሥር በቀሩ ነበር፡፡ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው እውነት ነው፡፡

እንግዲህ የጥያቄዬን መልስ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው፡፡ «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» የምንለው ስሕተት ነው፡፡ ኢንተርኔት ላይ ያለው አንድ ሰው በቤቱ አስቀምጦ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ጊዜውን ሰውቶ ያስገባው ብቻ ነው፡፡ የታላላቆቹን ዘፈን ብዙ ሰው ስለ ያዘው ተረፈ፡፡ አንድ ሸክላ አሳትማ የቀረችው ሴት ግን የተረፈችው እንደ አባቴ ባሉ ሰዎች ሳጥን ውስጥ ነበር፡፡ ያን ሳጥን ለቆራሌው የሰጠሁ ዕለት ዘፈኑ ስልክ ላይ እንዳለ ፈልጌ እንኳ አላየሁም፡፡

አዛውንቱንም ጠይቄያቸው ነበር፡፡ ዘፋኟን አወቋት፤ ዘፈኗን ግን በካሴት አላገኟትም፡፡ «በሸክላ ቀርታለች» አሉኝ፡፡

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ እሑድ ማታ ከእናቴ ጋር ዕቃ እያጠብን ሳለ ያን ዘፈን ስታንጎራጉር ሰማኋት፡፡ እጄን በጉርዴ ጠርጌ ስልኬን አወጣሁና፣ «እማዬ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ዝፈኚው» አልኋት፡፡ አፍራ እምቢ አለች፤ በኋላ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰሃኑን እያለቀለቀች ጀመረች፡፡ ሁለቱን ቤት ዘፈነች፡፡ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች፡፡ እንደገና ከመነሻው ጀመረች፤ እዚያው ላይ ቆመች፡፡

«ጠፋኝ» አለች፡፡ «ሦስተኛውን የሚያውቀው አባትሽ ነበር፡፡»

«እኔ ነኝ የጣልሁት እማዬ፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት፡፡ ይህን ለማለት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፡፡

«ምን ታደርጊ፣ አላወቅሽ» አለችና አንድ ሰሃን አቀበለችኝ፡፡

ያ ቅጂ የውኃ ድምፅ ያለበት አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰኮንድ ነው፡፡ ሁለት ሜጋባይት አይሞላም፡፡ በሦስት ቦታ አስቀምጨዋለሁ፡፡ ዲጄው ልጅም ለምኖኝ ወስዶ በዘፋኟ ስም፣ በአማርኛ ፊደል ጽፎ አስቀምጦታል፡፡ ሦስተኛው ቤት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፡፡

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ከደረሰብኝ እናንተ እንድትማሩ ጥቂት ምክር ጨምሬ ልሰናበት፡፡

አንደኛ፣ በቤታችሁ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ ቤት ስትለቁ፣ ቤት ስትቀቡ፣ ለበዓል ስታጸዱ አትጣሉት፡፡ ሸክላውን እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት፤ ተነባብሮ ከተጫነ ይጣመማል፡፡ ካሴቱን ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አርቁት፡፡ የሻገተ ካሴት ካያችሁ በቴፕ አትሞክሩት፤ በመጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት፡፡

ሁለተኛ፣ የሚሠራ ቴፕ ያለው ዘመድ ፈልጉ፡፡ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር በአንድ ገመድ አገናኝቶ፣ ኦዳሲቲ በተባለው ያለ ክፍያ በሚገኝ ሶፍትዌር መቅዳት ይቻላል፡፡ ጎረምሳ ልጆቻችሁ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምዱታል፡፡ ለማስቀመጫ የሚሆነውን ቅጂ በኤምፒ3 ሳይሆን ምንም በማይጥለው በዋቭ አስቀምጡ፡፡ ስትቀዱም የዘፋኙን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና ካሴቱን ማን እንደ ገዛው ጻፉ፡፡ ዘፈን መስሏችሁ የተቀመጠው ካሴት የዘመድ ድምፅ የተቀዳበት የስደት ደብዳቤ ሊሆን ይችላልና ሳትሰሙት አትለፉ፡፡

ሦስተኛ፣ ሠርግ ስትደግሱ ዲጄውን በዕለቱ አትጠብቁት፡፡ ከሳምንት በፊት ጠርታችሁ የእናቶችንና የአባቶችን ምርጫ በስም ጽፋችሁ ስጡት፤ ያጣውን አብራችሁ ፈልጉ፡፡ ጥሩ ዲጄ በዚህ አይከፋም፡፡

አራተኛ፣ የወደዳችሁትን ዘፈን መክፈል በምትችሉበት ቦታ ከፍላችሁ ስሙ፡፡ ልጆቻችሁም ዘፋኙ ልጅ እንደሚያሳድግ ይወቁ፡፡

የመጨረሻው ልመና የራሴ ነው፡፡ ዛሬ ማታ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያንጎራጉሩትን ልብ ብላችሁ ስሙ፡፡ የማታውቁት ዘፈን ከሆነ ስሙን ጠይቁና እስከ መጨረሻው ቤት ቅዱት፡፡